ከስክሪኑ በፊት የአደራው ወረቀት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ በነዋሪው መዋጮ የተከፈተ ትንሽ ሙዚየም አለን። ቤቱ የድሮ የባላባት ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል። ዕቃው ከየቤቱ የተሰበሰበ ነው። ጋሻ፣ ጎራዴ፣ የብራና መጻሕፍት፣ ኪታብ፣ ሞሰብ፣ የድሮ ልብስ፣ ጠገራ ብር። አሁን ውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ልጆች ገንዘብ ሊልኩልን ነው። ኮሚቴው ሴራሚክ ለማንጠፍ፣ ስክሪን ለመስቀልና ኪውአር ኮድ ለመለጠፍ አስቧል። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ግን ሕዝቡ አኩርፏል። ሁለት ቤተሰቦች ዕቃችንን መልሱልን ብለዋል፤ አንደኛው ጋሻውን ወስዶ ሄዷል። ሕዝቡ ዘመናዊነት እንዲገባው እንዴት እናስተምረው?»

መጨረሻ ላይ ካለችው ቃል ልጀምር። «እናስተምረው» የምትለዋ ትቅር። ያ ሰው በቴሌብር ገንዘብ ይልካል፣ ማታ ማታ ቲክቶክ ያያል፣ ጣራው ላይ ሶላር ሰቅሏል። ሙዚየም ውስጥ ስክሪን ሲሰቀል ብቻ ድንገት ኋላ ቀር ይሆናል እንዴ? ያኮረፈው በሌላ ነገር ነው። ምክንያቱም ጥያቄያችሁ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ «ዕቃችንን» ነው ያሉት። እናንተ ዘንድ የሙዚየሙ ስብስብ ነው። እነሱ ዘንድ የአባታቸው ጋሻ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሙዚየም አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚከፈት አውቃለሁ። ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል ወይም ይመረቃል፣ «ለልጆቻችን ይታይ» ይባላል፣ ዕቃው በነጠላ ተጠቅልሎ ይወጣል። ወረቀት የለም። ሰጪው በልቡ አደራ ሰጠ፣ ተቀባዩ በልቡ ስጦታ ተቀበለ። ቤቱ ደሳሳ እስከሆነ ድረስ ይኼ ልዩነት ማንንም አይቆረቁርም። ገንዘብ መጣ የተባለ ዕለት ግን ወዲያው ብቅ ይላል፤ «በአባቴ ጋሻ ሊነግዱበት ነው» ይባላል። ክፋት የለውም፣ እኔም ብሆን የማስበው ይህንኑ ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ከአምባው የተዘረፈው ብራናና የከበረ ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጧል። ብዙው እስካሁን በእንግሊዝ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የደሴ ሙዚየም ዝርፊያና ጉዳት ደርሶበታል። ዕቃ ከየቤቱ ወጥቶ አንድ ቦታ ሲከማች ምን ሊደርስበት እንደሚችል የወሎ ሰው ከመጽሐፍ አይደለም ያወቀው። እንዲህ ያለውን ሰው ሰብስቦ ስለ ዘመናዊነት ስልጠና መስጠት ድፍረት ነው።

ስለዚህ ምክሬን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱ ይከተላል። የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ አንድም ሳንቲም ስክሪን ላይ አታውሉ። ለመዝገብ፣ ለአደራ ውል፣ ለጣራ፣ ለበርና ለመደርደሪያ ይዋል። ሴራሚኩን ለዘንድሮም ለከርሞም ተዉት።

ከወረቀቱ እንጀምር። እጃችሁ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ አራት ቦታ ክፈሉት፤ በአደራ የተቀመጠ፣ በስጦታ የተሰጠ፣ የተገዛ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። መልሱን ከራሳችሁ ትዝታ አትጻፉ። ወደየቤተሰቡ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ሰጪው ሞቶ ከሆነ ወራሾቹን ጠይቁ፤ አንዱን ልጅ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። ትልቁ ልጅ ፈርሞ ሰጥቶ ከአዲስ አበባ የመጣችው እህቱ «ማን ፈቀደልህ?» ብላ ሙዚየሙ መሐል የወንድምና የእህት ጠብ ሲነሳ አይቻለሁ። አስታራቂው ያው ኮሚቴው ሆነ፣ ሥራው ሁሉ ቆመ።

«አደራ ነው» ላለው ሰው አንድ ገጽ ውል በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። ቋንቋው ተራ አማርኛ ይሁን፣ የጠበቃ አማርኛ አያስፈልግም። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ሲመጣ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር፣ የት ጋ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ እንዳለው፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ይጻፍበት። ሦስት ዓመት፣ ከዚያ የሚታደስ፣ ጥሩ ነው። ቤተሰቡ ዕቃውን መውሰድ ሲፈልግ ስንት ቀን አስቀድሞ መናገር እንዳለበት ይጻፍ። ለሠርግ ወይም ለተዝካር አንድ ቀን ልውሰደው ቢልስ? ይኼ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ አሁኑኑ መልሱን ወስኑ። ሙዚየሙ የማያደርገውም ይጻፍ፤ አይሸጥም፣ ወደ ሌላ ከተማ አይወስድም፣ ሳያስፈቅድ አያስጠግንም፣ ሳያስፈቅድ ፎቶውን ለማስታወቂያ አያወጣም። ፊርማው ቢሮ ውስጥ ባይሆን እመርጣለሁ። ቅሬው (ሌላው አገር ዕድር የሚለው) በሚሰበሰብበት ቀን፣ የቅሬው ዳኛ ባሉበት፣ ምስክር ቆጥራችሁ ፈርሙ። እዚያ የተባለ ነገር ከማኅተም በላይ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ግን ቃል አትግቡ፤ «ቢጠፋ እንከፍላለን»። የምትከፍሉት ገንዘብ የላችሁም፣ ኢንሹራንስም አልገባችሁም፤ ብትገቡም ለአያት ጋሻ ዋጋ የሚተምንላችሁ አታገኙም። በምትኩ እንዴት እንደምትጠብቁት በዝርዝር ንገሯቸው። ሰው እውነቱን ሲነገረው የሚሸሽ ይመስላችኋል፣ እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። በፈለገ ጊዜ መውሰድ እንደሚችል ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይተወዋል።

እዚህ ላይ ሌላ የተለመደ ስሕተት አለ። «ቅርስ የመንግሥት ነው፣ ስለዚህ ቤተሰቡ መውሰድ አይችልም» የሚል የኮሚቴ አባል አይጠፋም። ይህ ትክክል አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ያውቃል። ግን ባለቤትነቱ ግዴታ አለበት፤ ማስመዝገብ፣ መጠበቅ፣ ሳያስፈቅዱ አለማስጠገን፣ ለሌላ ሲያስተላልፉ ማሳወቅ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አለማስወጣት። ቤተሰቡን ይህን ንገሩት፣ ማስፈራሪያ ግን አታድርጉት። እናንተም ከምዝገባና ከጥገና በፊት የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ወደ ክልልና ወደ ቅርስ ባለሥልጣን የሚወስዳችሁ መንገድ እሱ ነው። ደግሞ ከማታውቁት ሰው ወይም ከደላላ ዕቃ አትግዙ። «ለቱሪስት ከሚሸጥ እኛ እንግዛው» የሚለው ሐሳብ መልካም ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለሚሰርቅ ሰው ገበያ መክፈት ነው።

ጋሻውን የወሰደው ቤተሰብ ዘንድ ሂዱ። ለማስመለስ አይደለም። ለመመዝገብ ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምዝገባ ሲባል ብዙ ሰው ፈረንጅ ያመጣው ጣጣ ይመስለዋል። እንኳን የሌላው፣ የራሳችን ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ላይ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት፣ ሐይቁ ዳር፣ ሰው ቁጭ ብሎ የመጻሕፍት ቆጠራ ጽፏል። እኛ ዛሬ ስልክ ይዘን «ዕቃው ሦስት መቶ ገደማ ይሆናል» እንላለን።

አንድ ወፍራም ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ግዙ። ገጾቹን ቁጠሩና ቁጥር ስጧቸው፣ ተቀድዶ የወጣ ገጽ እንዲታወቅ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር፣ ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኬት፣ ማን እንደሰጠው፣ በምን ሁኔታ (አደራ ወይስ ስጦታ)፣ ታሪኩ፣ እና ዋናው፣ መለያ ምልክቱ። መለያ ማለት «ያማረ ጋሻ» ማለት አይደለም። «ከመሐሉ በስተግራ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ጥጋን አለው፣ ከጌጦቹ ሁለቱ ጎድለዋል» ማለት ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ኋላ ቤልጂየም ተገኝቶ ተመልሷል። ያ መስቀል ግን መልኩ በዓለም የታወቀ ነው። የእናንተ ሞሰብ ወይም ቀንድ ዋንጫ ቢጠፋና አንድ የአዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ብታዩት በምን ትለዩታላችሁ? በጥጋኑ ነው። ጥጋኑ ካልተጻፈና ፎቶ ካልተነሳ ባለሱቁ «የእኔ ነው» ሲል መልስ የላችሁም።

ፎቶው በስልክ ይበቃል። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ሥር፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥር፣ የተሰበረውን ደግሞ ቀርባችሁ አንሱ። የፎቶው ስም የዕቃው ቁጥር ይሁን። ሦስት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ሙዚየሙ ውስጥ፣ አንዱ እዚያው ከተማ ሌላ ቤት፣ አንዱ ከከተማው ውጪ። የከተማው ልጅ ውጭ አገር ካለ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ቅጂ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀድቶ አስቀምጧል፤ ከዚያ ወዲህ ዋናቸው የተጎዳ ወይም የጠፋ መጻሕፍት ቢያንስ ጽሑፋቸው ይነበባል።

ቁጥሩን ዕቃው ላይ በማርከር አትጻፉ። ስኮች አትለጥፉ። የጥፍር ቀለም ቀብቶ እላዩ ላይ መጻፍም ተለምዷል፣ እሱም ቢጫ ይሆናል፣ ይላላጣል። ቁጥሩን ካርቶን ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ በነጭ የጥጥ ክር ማሰር ለእናንተ ይበቃል። ልብስ ከሆነ ቁራጭ አቡጀዲ ላይ ጽፋችሁ ጠርዙ ላይ በሁለት ስፌት ያዙት። መጽሐፍ ከሆነ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ገጾቹ መሐል ይግባ፤ ብራናው ላይ ምንም አትጻፉ፣ በእርሳስም ቢሆን።

አሁን ወደ ቤቱ። በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልንዛዛ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ሲመጣ ትልቁ ጥፋት የሚጠፋው እዚህ ነው፣ እኔም እጄ አለበት።

የዛሬ ስንት ዓመት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሙዚየም ሲታደስ ከአማካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ቤቱ የድንጋይና የጭቃ ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆነ፣ መስኮቱ እንዳይከፈት ሆኖ በመስታወት ተዘጋ፣ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ። ምረቃው አማረ። ክረምቱ ገባ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተደውሎልኝ ስሄድ የሻጋታው ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። የብራናዎቹ ሽፋን ቆዳ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነበር። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በግድግዳው በኩል ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ስትለስነው መውጫ ያጣል፤ እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ውስጥ ይመጣል፣ ልስኑም ከጥቂት ዓመት በኋላ በሰሌዳ በሰሌዳ ይረግፋል። ሴራሚኩም ያው ነው፤ ወለሉ ያስወጣ የነበረውን ውሃ ወደ ግድግዳው ሥር ይገፋዋል። ወረቀት ላይ ፊርማዬ አለ፣ አልክድም።

ስለዚህ የጭቃ ቤት በጭቃ ወይም በኖራ ነው የሚጠገነው። ይህን የሚችሉ ሰዎች ደግሞ እናንተው ከተማ ውስጥ አሉ፤ ቤት የሚመርጉ እናቶች፣ ድንጋይ የሚክቡ አባቶች። ከውጭ ኮንትራክተር ከምታመጡ ለእነሱ ክፈሉ። (ኩርፊያውም ግማሹ እዚያው ይቀላል።) ጣራው ካፈሰሰ ከሁሉ በፊት ጣራው። የዝናቡ ውሃ ከግድግዳው ርቆ የሚሄድበት ቦይ ይቆፈር። መደርደሪያ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከወለሉም ከፍ ይበል፤ ለእርጥበትም ለምስጥም። አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙና በየቀኑ ጠዋትና ማታ ጻፉት። ከመቶ 65 በላይ እየቆየ ከሄደ ሻጋታ ይመጣል፤ ዝናብ ባባራበት ፀሐያማ ሰዓት መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ። መስኮቱ መከፈት አለበት ማለት ነው። ላዩ ላይ ወንፊት አድርጉ፣ ብረቱንም አጠንክሩ።

ብርሃን። የድሮ ልብስ፣ ጥልፍ፣ ብራናና ሥዕል ከመስኮት ፊት ለፊት አይሰቀልም። ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይላሉ፤ ይህም አንዲት ደብዘዝ ያለች ክፍል ናት። ጎብኚው ሲገባ መጀመሪያ ትጨልምበታለች፣ ዓይኑ ሲለምድ ያያል። የብርሃን ጉዳት እንደ አቧራ አይጠረግም። ልብሱ ከነጣ ነጣ። ወፍራም መጋረጃ አድርጉ፣ ሰው ሲመጣ ግለጡ፣ ሲወጣ ዝጉ። አምፖሉ ኤልኢዲ ይሁን።

ተባይ። ለሞሰብና ለሙዳይ ነቀዝ፣ ለሱፍና ለበርኖስ ብል፣ ለእንጨት ምስጥ። የቤት ፀረ ተባይ ዕቃው ላይ አትንፉ፤ ቀለም ያበላሻል፣ ሰውም ይመርዛል፣ ሞሰቡን የሚነኩት ልጆች ናቸው። የተጠቃውን ዕቃ ወዲያው ከሌላው ለዩና በላስቲክ አሽጉት። ለጨርቅና ለስንደዶ ዕቃ ዲፕ ፍሪዝ ይሠራል፤ በደንብ ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ፣ ሁለት ሳምንት፤ ሲወጣ ሙሉ ቀን ሳይፈታ ይቆይ። ግን መብራት እየጠፋ የሚመጣ ከሆነ አትሞክሩት፣ ተባዩ አይሞትም፣ ዕቃው ነው የሚረጥበው። ብራና፣ የተቀባ እንጨትና የቀንድ ዕቃ ደግሞ ጭራሽ ፍሪዝ ውስጥ አይግባ። ጠመንጃ ካላችሁ ጥይት እንደሌለው በሚያውቅ ሰው ይፈተሽ፣ ፖሊስም ይወቀው።

ብሩንና መስቀሉን መወልወል አቁሙ። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና እየፈተጉ የሚያበሩ ሰዎች አሉ፤ ለምረቃ ቀን እንዲያምር። በያንዳንዱ ፍተጋ ብሩ ራሱ ይሄዳል፣ ጽሑፉና ሐረጉ ይደበዝዛል። ጠገራ ብር ላይ ያለችው የማርያ ቴሬዛ ፊት የጠፋባቸው ስንት አይቻለሁ! የጠቆረ ይጥቆር፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሱ።

ነጭ ጓንትስ? ፊልም ላይ ያያችሁት ነው። ለብረትና ለብር ጓንት ጥሩ ነው፣ የላብ ጨው ስለሚያበላሻቸው። ለብራና ግን በጓንት ጣት ገጽ መግለጥ ይከብዳል፣ ጠርዙን ይይዘውና ይቀድደዋል። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ ይበቃል።

እዚህ ድረስ የዘረዘርኩት አብዛኛው በትንሽ ብር የሚሠራ ነው። ይኼ ነው ማዘመን። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት፣ አይኮም፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ ያጸደቀው አዲሱ የሙዚየም ትርጓሜ ውስጥ የማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚል ገብቷል። ስክሪን የሚል የለም።

ስክሪኑን ፈጽሞ አልጠላውም። ግን አስቡት፤ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኪውአር ኮዱን የሚያነሳው ጎብኚ ገጹ አይከፈትለትም፣ ከዓመት በኋላ ገጹን የሚያስተዳድረው ልጅ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። ግድግዳ ላይ የቀረው ጥቁር ስክሪን ከምንም በላይ የከሰረ ያስመስላችኋል። ዲጂታል ነገር ከፈለጋችሁ ድምፅ ላይ ሥሩ። ወሎ ዕቃው ብቻ አይደለም፣ ድምፁ ነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም የሆኑበት አገር ሙዚየም ዝም ማለቱ ሁሌ ይገርመኛል። መንዙማ የሚያወጡ ሼህ፣ ስንደዶ እየሰፉ የሚያንጎራጉሩ እናት፣ ጋሻው የት እንደዋለ የሚያውቁ አዛውንት፤ በስልክ ቅዱ። በአማርኛ ሆኖ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ ዓጀሚ የሚባለው ጽሑፍ እጃችሁ ካለ ደግሞ አትዘግዩ። የሚያነቡት ሰዎች አርጅተዋል። ኪታቡን ፊታቸው ገልጣችሁ እያነበቡ ቅዷቸው። ፈቃዳቸውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የት እንደሚሰማ፣ የማይሰማው የቱ እንደሆነ። አንዳንዱ ለወዳጃ (ተሰብስቦ ዱዓ ለሚደረግበት) ነው እንጂ ለሙዚየም አይደለም ይሏችኋል። እሺ በሉ።

ደግሞ ሁሉንም ዕቃ ፌስቡክ ላይ አታውጡ። ለሌባ ካታሎግ ማዘጋጀት ነው። ጥቂት መርጣችሁ፣ ቦታውን ሳታሳዩ፣ መስኮትና በር ፎቶው ውስጥ ሳይገባ።

ስለ ሕዝቡ ድጋፍ የቀረው ነገር ከባድ አይደለም፣ ግን ሰዓት ይጠይቃል። የምትከፍቱበትን ቀን እዩት። ሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ከሆነ የመንግሥት ቢሮ ከፍታችኋል ማለት ነው። በገበያ ቀን ክፈቱ፤ ባቲ ብትሆኑ ሰኞ ነበር የምላችሁ፣ የእናንተን ቀን እናንተ ታውቃላችሁ። የገጠሩ ሰው ጨውና በርበሬውን ገዝቶ ሲመለስ ይግባ። ለአካባቢው ሰው ነፃ ይሁን፣ ዕቃ ለሰጠ ቤተሰብ ደግሞ ለዘላለም ነፃ። መግለጫው ላይ «ጋሻ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» ብቻ አትጻፉ፤ ቤተሰቡ ከፈቀደ ከማን ቤት እንደመጣ ጻፉ። አካባቢው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሚናገር ካለበት በዚያም ይጻፍ። የዓረብኛ ጽሑፍ ተገልብጦ ሲሰቀል አይቻለሁ፤ የሚያነብ ሰው ሳታሳዩ አትስቀሉ። ለጽላትና ለመሳሰሉት ለዕይታ ለማይቀርቡ ንዋያተ ቅድሳት ሙዚየም ቦታቸው አይደለም፤ መጥተው ከሆነም በካህናቱ በኩል ይመለሱ። ከቁርአን ጋር ምን እንደሚቀመጥ፣ የቱ መደርደሪያ ላይ እንደሚሆን ሼሁን ጠይቁ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ሃይማኖት ስለሆነ ይህን መነጋገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይቀላል። ግን ካልጠየቃችሁ አይቀልም።

ኮሚቴው ውስጥ ሴት ስንት ናት? ሞሰቡን፣ ጥልፉን፣ ጀበናውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ይኼ የምን ስፌት ነው?» ብሎ ከወንዶች ኮሚቴ መልስ ያገኘ ሰው አላውቅም።

ገንዘቡን በተመለከተ ልጆቹ የሚልኩት አንዴ ነው፣ ወጪው ግን በየወሩ ነው። ጥበቃው ደሞዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ለላኪዎቹ በግልጽ ጻፉላቸው፤ «ስክሪን ከምትገዙልን የሦስት ዓመት የጥበቃ ደሞዝና የጣራ ጥገና ስጡን»። ፎቶ የሚነሳበት ነገር ስላልሆነ ቅር ይላቸው ይሆናል። የተስተካከለውን መዝገብ ፎቶ ላኩላቸው። የገባውንና የወጣውን ደግሞ በየሦስት ወሩ በሩ ላይ ለጥፉ፣ የቡና መግዣው ሳይቀር። በቱሪስት ገቢ እንተዳደራለን የሚለውን ከዕቅዳችሁ አውጡት። ወደ ላሊበላ የሚሄድ እንግዳ ሁለት ክፍል ለማየት መንገዱን አይቀይርም፤ ከመጣም ትርፍ ነው። ሙዚየሙን የሚያቆመው የከተማው ተማሪና ገበያተኛ ነው።

አቅማችሁ የማይደርስበትንም ልንገራችሁ። የተቀደደ ብራና መስፋት፣ የተላላጠ ሥዕል ማጣበቅ፣ የተበላ የእንጨት ዕቃ መሙላት አትሞክሩ። በቅን ልብ በኮላ የተጣበቀ ሥዕልን ለማላቀቅ የሚፈጀው ሥራ ከመጀመሪያው ጉዳት ይብሳል። በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ፣ ጠፍጣፋ ቦታ አስተኝታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ባለሙያ ጠብቁ። አሥር ዓመት ቢጠብቅ ችግር የለም።

ወደ ጋሻው ልመለስ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሆናችሁ ወደዚያ ቤት ሂዱ፤ አንዱ ቤተሰቡ የሚያከብረው ሽማግሌ ይሁን። ቡናና ስኳር ያዙ። ስለ ስክሪን አታንሱ። «ጋሻው እናንተው ቤት ይቀመጥ፤ ግን ቢጠፋ እንድናውቀው ፎቶ እናንሳው፣ እንለካው፣ ታሪኩን እንጻፍ» በሉ። ከዚያ መዝገባችሁ ላይ ቁጥር አንድ አድርጋችሁ ጻፉት፤ «ያለበት ቦታ» በሚለው ዓምድ የቤተሰቡን ቤት ጻፉ። ሙዚየሙ ውስጥ የነበረበትን ቦታ ባዶውን ተዉት፣ ፎቶውን ብቻ ስቀሉበት።